ሦስተኛው ካርድ

«እህቴ ናት ያጠፋችው። ልጅ ናት፣ ሥራም በዝቶባት ነው፤ አንቺ ይቅር በያት» ሲል ሰማሁት። ወንድሜ ነው። ስቱዲዮአችን አንድ ክፍል ናት፤ በስስ ጣውላ ለሁለት ተከፍላለች። ከወዲያ ደንበኛ የሚቀመጥበት ሶፋና የናሙና አልበሞች፣ ከወዲህ የእኔ ኮምፒውተርና የዕቃ መደርደሪያው አሉ። በጓሮ በር ስለገባሁ መምጣቴን አላወቀም። ጃኬቴን ግማሽ አውልቄ፣ አንድ እጄ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ሰፈር ውስጥ «ትንሿ» የሚለው ቅጽል እስካሁን ያልለቀቀኝ በእሱ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ግን «ልጅ» ስባል የመጀመሪያዬ ነው። በስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ይጮሃል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ወንድሜ «እሺ የኔ እመቤት፣ ልክ ነሽ የኔ እመቤት» እያለ ሶፋውና በሩ መካከል ይመላለሳል። በመጨረሻ «አስር ሰዓት ነይ፤ የተገኘውን ታስረክብሻለች» ብሎ ዘጋ። «ታስረክብሻለች» ነው ያለው። «እናስረክብሻለን» እንኳን አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው እሁድ ወንድሜ የአንዲት ነርስ ሠርግ ቀረጸ። የነርሷ እናት በሌላ ከተማ አልጋ ይዘው ስለተኙ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ልጃቸው ቅዳሜ በጠዋት ተሳፍራ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ልታሳያቸው ስለፈለገች፣ ሙሉው ፊልም እስኪደርስ የሃያ ደቂቃ አጭር ቅንብር ልንሠራላት ቃል ገባን። ሰኞ ወንድሜ ሦስት የካሜራ ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ሁለቱን ገለበጥኳቸው። ሦስተኛውን ስከፍተው ምንም የለበትም። «ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው» አልኩት። «አዎ፣ እሱ ትርፍ ነው» ብሎኝ ወጣ። ትናንት ሐሙስ ቅንብሩን ወደ መጨረሻው ሳደርስ ሙሽሮቹ ከመኪና ወረዱ፣ ወደ አዳራሹ ተራመዱ፣ በሩ ተከፈተላቸው፣ አለቀ። የአዳራሹ ውስጥ የለም። የሙሽራዋ አባት ንግግር የለም፣ የሙሽራው እህቶች የለቀሱበት የለም፣ ምንም የለም። ማታውኑ ለወንድሜ ነገርኩት። ካርዶቹ ላይ ራሴ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። ባዶው ስምንት ቁጥር ነበር። አዳራሹ የነበረበት ሦስት ቁጥር ካሜራው ውስጥ ቀርቶ፣ ረቡዕ ዕለት ወንድሜ ለአንድ ጫማ ቤት መክፈቻ ፎርማት አድርጎ ቀርጾበታል።

አጠፋች የተባልኩት ያልተሰጠኝን ካርድ ነው።

ወደ ውስጥ ዘልቆ ሲያየኝ አልደነገጠም፤ ወይም ከደነገጠም ፊቱ ላይ አላየሁም። «መጣሽ?» አለ። «መጣሁ» አልኩ። ወንድሜ አባታችን ከሞቱ ጀምሮ አሳድጎኛል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶልኛል፣ በኋላም ፊልም መቁረጥና መቀጠል ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው። በእኛ ቤት ጋሼን ፊት ለፊት «ዋሸህ» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፤ እንኳን ከእኔ፣ ከሚስቱም አይወጣም። ስለዚህ ያልኩት ሌላ ነው፤ «ካሜራውን ከነቦርሳው ስጠኝ። ካርዱ ላይ ማንም እንዳይቀርጽበት።» አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ አንስቶ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ የቦርሳውን ማንገቻ ፈልጎ ያጣው መሰለኝ፤ እጁ አየር ላይ ትንሽ ዳበሰ። ልብ አላልኩትም። የተናደደ ሰው ልብ አይልም።

ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል «ዶክተር» የምንለው ጠጋኝ አለ። ዶክተርነቱ የሞተ ሃርድ ዲስክ በማስነሳቱ የመጣ ነው፤ በሩ ላይ «ጉብኝት በነጻ፣ ሕክምና በክፍያ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ክፍሉ በተፈታቱ ኮምፒውተሮችና በሌንስ ክዳኖች ከመሞላቱ የተነሳ ደንበኛ የሚቆምባት ስፍራ አንድ የወለል ንጣፍ ታህላለች። የመጣሁበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ወንድሜ በስልክ ያለውን ግን ዋጥኩት።

«ከፎርማቱ በኋላ ስንት ተቀረጸበት?»

«ሃያ ደቂቃ ገደማ።»

«ተመስገን በይ። ፎርማት ማለት መጽሐፉን ማቃጠል አይደለም፣ ማውጫውን ቀዶ መጣል ነው። ገጾቹ እዚያው አሉ። ጫማ ቤቱ የተጻፈባቸውን ገጾች ግን እርሺያቸው፣ እነሱን እኔም ፈጣሪም አንመልሳቸውም።» ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፋት፤ ማንም እንዳይጽፍበት ነው። ከዚያ ቀጥታ ፍለጋ የሚጀምር መስሎኝ ነበር፤ አልጀመረም። መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ወደ ራሱ ዲስክ አወረደ። «በሽተኛው ላይ አልሠራም፣ ግልባጩ ላይ ነው የምሠራው። ብሳሳት እንኳ ደግሜ እሞክራለሁ» አለ። እስኪወርድ ድረስ ካሜራችንን ገልበጥ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው። ሁለተኛው ለምን ባዶ ነው? ይሄ ካሜራ አንዱን ነገር ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል እኮ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።» እኔም ለወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ካርድ ማባከን» ነው።

ፍለጋው ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። መቀመጫ ስለሌለ በርጩማ ላይ ያለ ማተሚያ አንስቶ አስቀመጠኝ። ማያው ላይ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴን በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። ነርሷ አስር ሰዓት ትመጣለች። የምታውቀኝ በስም እንኳ አይደለም፤ «ያቺ ያጠፋችው» ነኝ። የሆስፒታል ሰው ናት፣ ባልደረቦቿ ሁሉ ያገባሉ፣ ሁሉም ይጠይቋታል። የእኛ ሥራ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ነው፤ ማስታወቂያችን ያለፈው ደንበኛ ምላስ ነው። ዶክተር ጭንቀቴን አይቶ ይሁን ወይም ዝምታ ስለማይችል ወሬ ጀመረ። አዲሱን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ልግዛ ወይ ብዬ ባለፈው ጠይቄው ነበርና ያንን አነሳ።

«አትግዢ። የነጻው ይበቃሻል። ኮምፒውተርሽ የሚንተባተበው በሶፍትዌሩ አይደለም፤ ከባዱን ፋይል ቀጥታ ስለምትጎትቺ ነው። ቀለል ያለ ግልባጭ አውጪለት፣ በሱ ቁረጪ፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን መልሺበት። ገንዘብ ስታገኚ ፈጣን ዲስክ ግዢ። ካሜራ የመጨረሻ ይሁን። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ካሜራ ይገዛል፤ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ማይክ ነው። ብዥ ያለ ምስል ሰው ይታገሳል። የማይሰማ ንግግር ግን ማንም አይታገስም።»

ይሄን ሲል ትንሽ ተነፈስኩ። ትንሿን ድምፅ መቅጃ ያስገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሠርጉ ላይ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዤ ራሴ ነበርኩ ያስቀመጥኳት፣ ሰኞም ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጫታለሁ። የአባትየው ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፅ አለ ማለት ነው። የጎደለው ምስሉ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሃምሳ ስምንት ክሊፖች አርባው ተገኙ። የአባትየው ንግግር የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ በጫማ ቤቱ ተበልቷል፤ ቀሪው አለ። ከደስታ ብዛት የዶክተርን ትከሻ መታሁት። አንዱን ከፈተልኝ። ነጭ ጠረጴዛ፣ አበባ፣ ከኋላ ቆመው የሚናገሩ ሽማግሌ፤ አባትየው ናቸው። አበባው እያንዳንዱ ቅጠሉ ይቆጠራል። ሽማግሌው ግን በላብ ከተሸፈነ መስታወት ጀርባ የቆሙ ይመስላሉ፤ ዓይንና አፋቸው የት እንደሆነ በግምት ነው የሚታየው። ሌላውን ከፈተ። ሙሽሮቹ ብዥ፣ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ጥርት። ሌላውን፣ ሌላውን። ከሩቅ የተነሱት ሰፊ ምስሎች ደህና ናቸው፤ በቅርብ የተነሳ ፊት ሁሉ ግን ደብዝዟል። ዶክተር «ሌንሱ ወድቆ ይሆን?» ብሎ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ሰቀለ፣ በር ላይ ያለችውን የራሱን ማስታወቂያ ቀረጸ። ምስሉ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። «ሌንሱም ካሜራውም ጤነኛ ናቸው» አለ።

እኔም ራሴ ልሞክረው ብዬ ዓይኔን ወደ ካሜራው ማያ ቀዳዳ አስጠጋሁ። ጭጋግ። አሸሁት፣ ጠረግሁት፣ ያው ጭጋግ። ከቀዳዳው ጎን የሰው ዓይን ልክ ማስተካከያ ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ አለች፤ ሰው አንድ ጊዜ አስተካክሎ የሚረሳት ነገር ናት። ነካኋት። እስከ መጨረሻው ተጠምዝዛ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም ብላ ቆማለች። ወደ መካከል ስመልሳት ክፍሉ ቦግ ብሎ ጠራልኝ። መልሼ ወደ መጨረሻው አዞርኳት፤ ወንድሜ ዓለምን የሚያይበት ልክ ይሄ ነው። ከዚህ የባሰ ቢመጣበት ጎማዋ የምትሄድበት ቦታ የላትም።

«በዚህ ካሜራ ሌላ ሰው ይሠራበታል?» አለኝ ዶክተር።

«ወንድሜ ብቻ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሐኪም አይቶታል?» አለ፤ በዚያ ቀን ከአፉ የወጣች ቀልድ የሌለባት ዓረፍተ ነገር እሷ ናት።

አርባዎቹን ክሊፖች በዲስክ ይዤ ስመለስ ሁለቱን መንገድ እንዴት እንዳለፍኳቸው አላስታውስም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሥራዎቹን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት እንዲሉ እጎትታቸዋለሁ፣ የቀረበውን እየተውኩ የራቀውን እመርጣለሁ፤ «ጋሼ ዘንድሮ ሰፋፊ ምስል ወደደ» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። የስልኩ ፊደል እንደ ጋዜጣ ርዕስ የገዘፈ ነው። ውል ሲፈረም «አንቺ አንብቢው፣ እኔ መነጽሬን ረስቻለሁ» ይላል፤ መነጽር ኖሮት አያውቅም። ካሜራው በራሱ ፎከስ እንዲያደርግ ልዘዘው ስለው ደግሞ ይስቃል፤ «ሠላሳ ዓመት በእጄ ስለካ የኖርኩትን ለማሽን?» ሦስትና ስምንት በእስክሪብቶ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። ለእኔ አይመሳሰሉም። ለእሱ ግን ሁሉም ነገር መመሳሰል ጀምሯል። የጠዋቱ ንዴት አልጠፋም፤ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠና ሁለቱ ቦታ ተጣበባቸው። እውነቱን ብናገር የወንድሜን እንጀራ እዘጋለሁ፤ ማን ነው ማየት ለማይችል ሰው ሠርጉን የሚሰጠው? ዝም ብል ደግሞ የእኔ ስም ይጠፋል፣ እሱም በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ካሜራ አንግቦ ይወጣል።

ወንድሜ የትም አልሄደም፤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። «ተገኘ?» አለ። «ከግማሽ በላይ» አልኩት። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ዶክተር እንዳለው ቀለል ያሉ ግልባጮችን አስወጥቼ መቁረጥ ጀመርኩ። ድምፁን ከመቅጃዋ ሙሉውን ዘረጋሁት፤ እሱ አከርካሪው ሆነ። ከሩቅ የተነሱትን ሰፋፊ ምስሎች ላዩ ላይ ደረደርኩ። የቀረበው ብዥ ባለበት፣ ሠርጉ ላይ የነበረው ፎቶ አንሺ ካነሳቸው ፎቶዎች እየመረጥኩ ተካሁ። የንግግሩ የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃዎች ላይ አባትየው ሲናገሩ የሚሰሙት አዳራሹ በር ላይ ቆመው በተነሱት አንድ ፎቶ ላይ ነው። ወንድሜ ተነስቶ ከኋላዬ ቆመ። ድሮ ሥራዬን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጁን አጣጥፎ ነበር። አሁን አገጩ ትከሻዬን ሊነካ ደርሷል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ፎከሱ ደህና ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

እጄ ማውሱ ላይ ቆመ። «ሰፋፊው ደህና ነው።»

«የቀረበውስ?»

የሚቀጥለውን ፎቶ ጎትቼ አስገባሁ። ሶፋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተመልሶ ተቀምጧል።

ነርሷ ከቀጠሮዋ ሩብ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ከሥራ በቀጥታ እንደመጣች ነጩ ጫማዋ ይናገራል፤ ፀጉሯ በላስቲክ ታስሯል፣ ፊቷ ግን ሠርግ ላይ ካየኋት ፊት ዓመት ያረጀ ነው። ሰላምታ አልነበረም። ጣውላውን አልፋ ገብታ እኔ ፊት ቆመች። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?» አለችኝ። «እናቴ ከሰኞ ጀምሮ ቀን እየቆጠረች ነው። አባቴ ንግግር ማድረጉን በስልክ ነግረናታል፤ ‘ስታዪው ይሻላል’ እያልን ነው ያስቆጠርናት። ምን ብዬ ልግባ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ብዬ ልግባ?»

ወንድሜ ከሶፋው ተነስቶ ጣውላው ጫፍ ላይ ቆሟል። አየሁት። ወደ እኛ ነው የሚያየው፣ ግን ዓይኑ በነርሷና በእኔ መካከል ያለ ባዶ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ጠዋት ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፣ ከቀን ወደ ቀን የታፈነ ሁሉ የገባበት። ከሱ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣች።

«እኔ አላጠፋሁም።»

ማን እንዳጠፋ አልተናገርኩም። ነርሷ «ታዲያ ማን...» ብላ ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ወንድሜ አዞረች። መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ አለፈ። ወንድሜ ጣውላውን በእጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጠዋት የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። እሷ ካርዱን አላየችውም። ቁጥሩን ማንበብ አቅቶኝ ነው የተሳሳትኩት። ሦስቱን ስምንት አድርጌ ሰጠኋት።» እጁን ከጣውላው አነሳ። «ዓይኔ አላይ ብሎኛል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሠርግሽን ስቀርጽ ሙሽራውን የለየሁት በልብሱ ነው።»

ነርሷ መሳደብም አልቻለችም፣ ማዘንም አልፈለገችም፤ ሁለቱም ፊቷ ላይ ይተራመሳሉ። እኔ ወንበሬን ለቀቅኩላት። «ተቀመጪ፣ ያለውን እዪው» አልኳት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው። ቅንብሩ ተጀመረ። ቤት፣ መኪና፣ መንገድ፣ የአዳራሹ በር። ከዚያ የአባቷ ድምፅ በፎቶው ላይ መጣ። «ለምን ፎቶ ሆነ?» አለች። «እዚህ ላይ ምስሉ ተበልቷል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሰፋፊዎቹ ምስሎች ሲመጡ ወደ ማያው ተጠጋች። አንድም ጊዜ ዞር አላለችም። ሲያልቅ እንደገና አስጀመረችው፤ ሳትጠይቀኝ፣ በራሷ እጅ። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ በመዳፏ ዓይኖቿን አበሰች።

«ብዥ ያለውስ የት አለ?» አለች።

«አወጣሁት። ጥሩ አይደለም።»

«ስጪኝ። ሁሉንም። እናቴ አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፤ አቋቋሙን አይታ ታውቀዋለች።»

አርባዎቹን ክሊፖች ከቅንብሩ ጋር ገልብጬ ሰጠኋት። ዶክተር ጋ አንድ ቅጂ መቅረቱን፣ እኔ ጋም ሌላ እንዳለ፣ መንገድ ላይ ቢጠፋባት እንዳትደነግጥ ነገርኳት። በሩ ላይ ደርሳ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ይቅርታ አላደረግኩልዎትም» አለችው። «ግን የዓይን ክፍል ውስጥ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ይምጡ፣ ተራ አይጠብቁም።» ለእኔ ምንም ሳትል እጄን ጨበጠችና ወጣች።

ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ካሜራው ከነቦርሳው በመካከላችን ወለሉ ላይ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ሠርግ አለብን፤ ማን እንደሚቀርጸው ሁለታችንም አላነሳንም። እኔም ‘ለምን እኔን አልክ?’ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«ትንሿ» አለ፣ «ስታየው ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ከዚህ ሆኜ አልታየኝም።»

ልዋሽለት እችል ነበር። «መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር» አልኩት። «ቦርሳዋን አንቃ ይዛዋለች። አባቷ መናገር ሲጀምሩ እጇ ላላ። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቃል በቃል አብራቸው ትላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲሏት የኖሩት ነገር መሰለኝ። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ።»

«አብራው?»

«አብራቸው፤ እስከ መጨረሻው።»

ወንድሜ ራሱን የሶፋው መደገፊያ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ፣ አውራ ጣቱና ጠቋሚው ቀስ ብለው ዞሩ፤ ሌንስ እንደሚያጠራ ሰው።

«እሱን ነበር መቅረጽ» አለ።